ከሃርሞኒየሙ የጎደለችው ድምፅ

ሥራዬ ሁለት ነው። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፤ ለድምፃውያን ደግሞ ዘፈን አቀናብራለሁ። ሁለቱንም የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ የባቡር ሠራተኛ ይኖርበት ከነበረ ቪላ ጀርባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳዋ ወፍራም ስለሆነ የባጃጁ ጩኸት እምብዛም አይገባም። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማይክና ጥቂት ቁልፎቿ የላሉ ትንሽ ኪቦርድ አለችኝ። የቀረው መሣሪያ ሁሉ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው።

ስጀምር ሶፍትዌሩ ይዞት በመጣው ፒያኖ ነበር የምሠራው። ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ግን የፕላስቲክ ብርጭቆ እንደመምታት ያለ ነገር ነበረው። በኋላ ላይ ነው እውነተኛ መሣሪያዎችን ቁልፍ በቁልፍ እየቀዱ በነጻ የሚያድሉ ሰዎች በየአገሩ እንዳሉ ያወቅኩት። አንዷን ቁልፍ ቀስ አድርገው ይመቱና ድምፁ እስኪሞት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ጠንከር አድርገው ይመታሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። የመጀመሪያውን ፒያኖ ለማውረድ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኪቦርዴን ስነካው ከድምፁ ሥር የሆነ ሰው ወንበር ላይ ሲመቻች ሲጥ ሲል ሰማሁ። የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ለማኝ ሆንኩ ማለት ይቻላል። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን፣ ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ክር መሣሪያ፣ ሃርሞኒየም፣ ያገኘሁትን ሁሉ አወረድኩ። አንዱንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ለሁሉም የከፈልኩት ነገር የለም፤ የሰጠሁትም የለም። ይሄ ነገር አልፎ አልፎ ይከነክነኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጇ ጋር መጣች። የልጅ ልጇ በቅርቡ ተድራ ቪዲዮዋን ልትወስድ ነው የመጣችው። አሮጊቷ መጋላ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ኤዶ» ይላታል። በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። እኔም እንደዚያው ጠራኋት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ነው የምንለው።

ቪዲዮው ወደ ፍላሽ እስኪገለበጥ አንድ የጀመርኩትን ዘፈን አሰማኋቸው። በመሃሉ ሃርሞኒየም ነበረበት። ኤዶ ራሷ ላይ የጣለችውን ጋርባሳር ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሃርሞኒየም ነው ኤዶ።»

«ማያ፣ አይደለም።»

«ወላሂ ሃርሞኒየም ነው። ከውጭ አገር ነው ያገኘሁት።»

«ከየትም ይምጣ። ሃርሞኒየም ይተነፍሳል፤ ይሄ ትንፋሽ የለውም። ባሌ ሰርግ ላይ ሲጫወት ስንት ዓመት ከጎኑ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

የልጅ ልጇ አፍራ «ኤዶ፣ አቦ ተያት!» አለች። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም እውነቷን ነበር። ያ ሃርሞኒየም ሲቀዳ አየሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው የተነፋው። ሰው የነፋው አይመስልም።

«የባልሽ ሃርሞኒየም አሁን የት ነው?» አልኳት።

«ቁም ሳጥን ላይ ነዋ። የት ይሄዳል? ነይና እይው።»

በማግስቱ ሄድኩ። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል። በሕይወቱ ባቡር ላይ ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ ሰርግ ሲኖር ደግሞ ሃርሞኒየም ይጫወታል። መሣሪያውን የገዛው ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ኤዶ በሽርጡ ጠቅልላ ነበር ያስቀመጠችው። ስንፈታው ከአንድ መካከለኛ ሻንጣ የማይበልጥ የእንጨት ሳጥን ወጣ፤ ከፊቱ ቁልፎች አሉት፣ ከኋላው በእጅ የሚገፋ ወናፍ። ወናፉን ስገፋው ፉስስ ብሎ ቀረ። መታጠፊያው ላይ ተተርትሯል፤ አንዱን ጥግ ደግሞ አይጥ በልታዋለች።

«እሱ ከሞተ ወዲህ ነክቼው አላውቅም» አለች።

«እናሠራውና እንቅዳው?» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አስረዳኋት፦ እያንዳንዷን ድምፅ ለየብቻ ቀድቼ፣ ዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ሰው በኮምፒውተሩ እንዲጫወትበት እንደማደርግ። ሻሂዋን ጠጥታ ጨረሰች። ከዚያ «ሃዬ፣ እሺ» አለች፤ «ግን እኔ ነኝ የምነፋው። የሱን አነፋፍ የማውቅ እኔ ነኝ።»

ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቦርሳና ጫማ የሚሰፋ ሰው ዘንድ ይዘነው ሄድን። ከሁሉም አቅጣጫ አገላብጦ አየውና «ይሄ ደግሞ የምን እሳት ነው የሚያነደው?» ብሎ ጠየቀን። ወናፍ ያየው ብረት ቀጥቃጭ ቤት ብቻ ነበርና አልፈረድኩበትም። ስስ የፍየል ቆዳ መርጦ አሮጌውን እንደ ናሙና እያየ ሰፋው፤ ስፌቱን በማስቲሽ ደፈነው። ከሳምንት በኋላ ስንወስደው ወናፉ እንደ ሰው ደረት ይነሳና ይወርድ ጀመር። ኤዶ እዚያው ገበያ መሃል እጇን ጫነችበትና «ማሻአላህ» አለች።

የምንቀዳበትን ሰዓት መምረጥ አላስቸገረም። ድሬ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ትተኛለች፤ ባጃጁም ሱቁም ጸጥ ይላል። ችግሩ እኛ ነን። ማይኩ ሁሉን ስለሚሰማ ቬንትሌተሩን ማጥፋት ነበረብኝ። በር ዘግተን፣ መስኮት ዘግተን፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀመጥን። እሷ በግራ እጇ ወናፉን ትገፋለች፤ እኔ ቁልፉን ይዤ ድምፁ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ላባችን ይንጠባጠባል።

የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ሁሉ ጫፋቸው ላይ «ማሻአላህ» አለባቸው። ድምፁ ሳይጠፋ ነው የምትናገረው።

«ኤዶ፣ እጄን እስካወርድ ዝም በይ።»

«ዝም አልኩ እኮ።»

«ማሻአላህ አልሽ።»

«እሱ ንግግር ነው እንዴ?»

ግን አነፋፏ! መጀመሪያ ላይ ለስለስ አድርጋ፣ ከዚያ ሰው ንግግሩን ሲያጠነክር እንደሚያደርገው ጨመር፣ ጫፉ ላይ ለቀቅ ታደርገዋለች። ባሏ ዘፋኙ ቃል ሲጀምር እንደዚያ ያደርግ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ የሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ ስንት ሰዓት ሙሉ ፈልጌ ያጣሁት ነገር በአንዲት ጨርቅ ሻጭ ክንድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ካለችው ነጭ ቁልፍ ደረስን። ተጫንኳት፤ ድምፅ የለም። ደግሜ ተጫንኳት፤ አየር ብቻ። ክዳኑን ፈትቼ ወደ ውስጥ አየሁ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አየር ሲያልፍባት የምትንቀጠቀጥ ቀጭን የነሐስ ምላስ አለች፤ ድምፁን የምትሰጠው እሷ ናት። የዚያች ቁልፍ ምላስ ቦታ ባዶ ነበር። አልተሰበረችም፤ ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው ያሉት።

«ሰው ነው የፈታት» አልኩ።

ኤዶ ወናፉን ለቀቀችው። «እሱ ራሱ ነው። ረስቼው ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባሏ አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር፣ እሱም ሃርሞኒየም ተጫዋች። አንድ ጊዜ ጓደኛው ትልቅ ሰርግ ሊጫወት ሲል ያቺ ምላስ ተሰበረችበት። መለዋወጫ የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም። የኤዶ ባል የራሱን ፈትቶ ሰጠው፤ «እኔ ያለሷ እችላለሁ» አለው። ከዚያ በኋላ መልስልኝ ብሎ አልጠየቀውም።

ያን ጊዜ የራሴን ብልሃት አቀረብኩ። «ምንም ችግር የለውም ኤዶ። ከጎኗ ያለችውን ድምፅ ወስጄ በኮምፒውተር ትንሽ ከፍ አደርጋታለሁ። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ትንሽ አሰበች። ጓደኛው ሳቢያን ሰፈር እንደሚኖር ታውቃለች፤ ግን ከባሏ ለቅሶ ወዲህ አላየችውም። እሱም መጥቶ አልጠየቃትም። ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ እንዳለ ገባኝ። በኋላ ጋርባሳሯን አስተካክላ ተነሳች። «ባጃጅ ጥሪ። ማይክሽንም ያዥ።»

በሩን የከፈቱልን የቤቱ ሴቶች ናቸው። ሰውየው ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እግሮቹ አብጠው ከፊቱ ተዘርግተዋል። ኤዶን ሲያያት ለመነሳት ሞከረና አልቻለም። እሷ በሩ ላይ ቆማ እግሮቹን አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«እሱ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው። መጋላ ድረስ ሰው ተሸክሞ ይውሰደኝ?»

«ሰው ልከህ መንገር አትችልም ነበር?»

«ምን ብዬ? እግሬን አመመኝ ብዬ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ብለህ!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ከጎኑ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እሱም ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። እኔ የማይኬን ገመድ የምፈታ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

የመጣንበትን ስንነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ልትወስዷት ነው? ስጦታ እኮ አይመለስም።»

«አንወስዳትም አባዬ፤ ድምፅዋን ብቻ ነው የምንቀዳው» አልኩት።

«ድምፅዋን ከወሰድሽ ምን ቀረኝ?» አለና ሳቀ። ሃርሞኒየሙን ከጓዳ አስመጣው። ከግማሽ በላይ ቁልፎቹ አይሠሩም። ያቺን ቁልፍ ግን ሲጫናት ጥርት ብላ ወጣች። ኤዶ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሰውየው የማላውቀውን ነገር ያጫወተኝ ያን ጊዜ ነው። የኤዶ ባል ያለዚያች ድምፅ መጫወት ሲጀምር በየዘፈኑ ቦታዋ ላይ ሲደርስ ከላይ ወይም ከታች ባለችው ድምፅ ዘወር ብሎ ያልፋታል። ሰዎች ያ ዘወርታ አማራቸው። «ወጣቶቹ የሱ ስልት ነው ብለው ቀዱት» አለኝ፤ «ሁሉም ነገሩ የሞላ ሃርሞኒየም ይዘው፣ እያለቻቸው ይዘሏታል! እኔ ምክንያቱን እያወቅኩ ዝም። እሱም ዝም። ሁለታችን ብቻ እንስቅ ነበር።»

«ለእኔስ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች ኤዶ።

«አንቺማ አጠገቡ ነበርሽ፤ አልሰማሽም?»

ከጎረቤት ብረት በያጅ ስለነበረ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያጠፋልን ለመንነው። አጥፍቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ኤዶ ነፋች፤ ሰውየው ቁልፉን ራሱ ተጫነ። ቀስ አድርጎ፣ መካከለኛ፣ ጠንከር አድርጎ። በሦስተኛው ላይ ግቢ ውስጥ ያለች ዶሮ ተንጫጫች። ልድገመው አልኩና ፊታቸውን ሳየው ተውኩት። ያቺ ድምፅ ከሌሎቹ ትንሽ ቀጠን ትላለች፤ እሱንም አላስተካከልኩትም።

የቀሩትን ቁልፎች በሁለት ቀን ጨረስን። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጂ ቆርጬ፣ በየቦታው አስገብቼ፣ ኪቦርዴ ላይ እስካገኘው ድረስ አንድ ወር ገደማ ሠራሁ። ኢንተርኔት ላይ ከመጫኔ በፊት ኤዶን ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ጠየቅኳት።

«ስም አትጻፊ» አለች። «የሰርግ ሃርሞኒየም ነው በይ። ከድሬዳዋ በይ። ይበቃል።» ቀጥላ «በነጻ ነው ያልሽው?» አለችኝ።

«በነጻ ነው።»

«ሰደቃ ነዋ። ሃዬ።»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልተሰማም። ሰው ማውረዱን አያለሁ፤ የሚጽፍ የለም። አንድ ቀን ግን ከሩቅ አገር ያለ ሰው በሃርሞኒየሙ የሠራውን ሙዚቃ ላከልኝ። በረዶ የሚዘንብበት አገር እንደሆነ ጽፏል፤ ወናፉ ሲተነፍስ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ እንደሚመስለውም ጽፏል። ያችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ ከዚራ ጥላ ጥላውን ይዤ ስዞር ዋልኩ።

ኤዶ በየሳምንቱ ሳቢያን መሄድ ጀምራ ነበርና ላፕቶፔን ይዤ አብሬያት ሄድኩ። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝታለች። ሰውየው ትራሱ ላይ ተደላድሎ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ሙዚቃው ዝግ ያለ ነው፤ አንዷ ድምፅ ወጥታ እስክታልቅ ሌላዋ አትመጣም። ኤዶ እስከ መሃሉ ታገሰች።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም፤ እንደዚያ ነው የሚጫወቱት» አልኳት።

«ሰርግ ላይ እንደዚህ ቢጫወት ሙሽራዋ ትተኛ ነበር።»

«ተዪው» አለ ሰውየው። «ጥሩ ነው። እያንዳንዷን ያከብራታል።»

«ማክበርና መተኛት አንድ ነው?»

ደግሜ እንዳሰማቸው አዘዙኝ። ዶሮዋ ያለችበት ድምፅ ጋ ሲደርስ ሁለቱም እኩል ጣታቸውን አነሱ። ከዚያ ፍጥነቱ ላይ ክርክራቸውን ቀጠሉ፤ እሱ በአማርኛ፣ እሷ በሶማሊኛ፣ ሁለቱም ሲናደዱ በኦሮምኛ። እኔ ከሙሸበኩ አንድ ወስጄ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ክርክሩን ያቆመው የሻሂው መምጣት ነው።