መድረክ ላይ የተረጎምኩት ምስጋና

ለፊልም ፌስቲቫሉ ያጨኝ የምሠራበት ክሊኒክ ባለቤት ነበር። ከአዘጋጅ ኮሚቴው አንዱ ነው፤ በዕድሜው አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ማየቱን ግን እጠራጠራለሁ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚያስተረጉም ሰው ሲፈለግ እኔን ከነርስነቴ ለአንድ ቀን አንስቶ ሰጣቸው። ትርጉሜ አጭርና ደስ የሚል እንዲሆንም አሳሰበኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ የማሳደሻው ወረቀት ደግሞ የእሱን ፊርማ እየጠበቀ ነው። እምቢ አላልኩም።

የማስተረጉምላት ልጅ እዚሁ ዓረብ አገር፣ አል ዱሃይል በሚባል ሰፈር የቤት ሠራተኛ የሆነች ወሎዬ ናት። አንድ አውሮፓዊ ዳይሬክተር ስለ እሷ አጭር ፊልም ሠርቶ ተሸልሟል። አየሁት። ካሜራው ሳህን በሚያጥቡት እጆቿ ላይ ተተክሎ ንቅንቅ አይልም። ዳኞቹ ይህን «የዝምታ ውበት» ብለው አሞካሹት። እሷ እንደነገረችኝ ግን፣ ንጹሕ ሳህን ሰባት ጊዜ አሳጥበዋታል፤ ልታወራ ስትል ደግሞ ዝም በይ ብለዋታል። እንግዲህ ውበቱ ይኸው ነው።

በሽልማቱ ቀን ማዳሟ ራሷ አልብሳ አመጣቻት። ፊት ረድፍ ተቀምጣ፣ ለሚያልፈው ሁሉ ልጅቷን እንዴት እንዳሳደገቻት ታወራለች። ቀይ ምንጣፍ ላይ ፎቶ ሲነሱ የዋሉት ሰዎች ፊልሙ ሳይጀመር መሐረባቸውን አውጥተዋል፤ ማልቀስ እንዳለባቸው ቀድሞ ተነግሯቸው መሆን አለበት።

ዳይሬክተሩ ዋንጫውን ተቀብሎ ስለ ራሱ ድፍረት ብዙ ተናገረ። ከዚያ ማይኩ ለልጅቷ ተሰጣት። እሷ አዳራሹን ስታይ ያየችው ሌላ ነገር ነበር፤ ለሽምግልና የተሰበሰቡ ትልልቅ ሰዎች።

«የተዋዋልኩበት ጊዜ ካለቀ ስምንት ወር ሆነው። እናቴ ታማብኛለች። ወረቀቴን የያዘችው ማዳም ናት፤ አገሬ ልግባ ብዬ ስጠይቃት ኢንሻአላህ ትለኛለች። በእናንተ ፊት ብጠይቃት እምቢ አትለኝም ብዬ ነው የመጣሁት። ሽማግሌ ሁኑልኝ።»

አማርኛ የማታውቀው ማዳሟ፣ ማዳም መባሏን ብቻ ሰምታ ፈገግ አለች። የክሊኒኩ ባለቤት ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። ማይኩን ተቀበልኩና በምኮራበት እንግሊዝኛዬ፣ በጣም እንደተደሰተች፣ ማዳሟን እንደ እናቷ እንደምታያት፣ ሁሉንም እንደምታመሰግን ተናገርኩ። ዳኞቹን እየናቅኩ፣ ዳይሬክተሩን እየናቅኩ ነበር የዋልኩት። እነሱ ዝም ነው ያሰኟት፤ ከተናገረች በኋላ የተናገረችውን የቀማኋት እኔ ነኝ።

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ማዳሟም እንባዋን ጠረገችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ወደ ልጅቷ እያየች ደጋግማ ራሷን ነቀነቀች።

ከመድረኩ ስንወርድ ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ።

«እሺ አለች አይደል፣ እህቴ? አይተሻታል?»

አይቻታለሁ አልኳት። ትከሻዬን ሳመችኝና ወደ አዲስ አበባ በረራ ያለው በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።