ከሸንጎው በፊት

አባቴን ሐሙስ ዕለት ከሱቁ ወስደው ቀበሌ አሰሩት። ከሰኮሩ ቡና በድብቅ አሳልፏል ተብሎ ነው። ጉዳዩን የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ እሁድ ያየዋል አሉን። በዚያ በደርግ ዘመን ከሸንጎ ወደ ቤት የሚመለስም፣ የማይመለስም ነበር። መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። እናቴ እኔን ማየት ሲሰለቻት አርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ሰደደችኝ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ያን ቀን «ፕሬጁዲስ» የሚል ቃል ጻፉና በጠመኔ ለሁለት ከፈሉት። ምንጩ ላቲን ነው፤ የፊተኛው «በፊት»፣ የኋለኛው «ፍርድ» ማለት ነው አሉ። ጥንት ከዋናው ችሎት አስቀድሞ የሚሰጥ ውሳኔ ነበር፤ ዛሬ ሰው ነገሩን ሳያጣራ የሚይዘው አስተያየት ሆኗል።

«በጥላቻ ብቻ አይምሰላችሁ፤ በፍቅርም ይሆናል» ብለው ጨመሩ። ይቺን አልጻፍኳትም። ሐሳቤ እሁድ ላይ ነበር።

መንደራ ቆጪ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስመለስ ወንፊታችን አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰፌዱን አንዷ ደጃፍ ጥላው ሄዳለች። ጎረቤት ተውሶት ለወራት ለምነን ያጣነው ዕቃ ሁሉ በአንድ ቀን ተመለሰ። አባቴ ቢፈረድበት የእኛ ዕቃ ቤታቸው እንዳይገኝ ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ የእኛ ጎረቤቶች ግን ምሳሩንም መለሱልን። አንድ በአንድ በልቤ ረገምኳቸው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት፣ እኛ አዴ የምንላቸው አሮጊት መጡ።

«አካም ቡልተን? እንደምን አደራችሁ? ሙቀጫ አውሺኝ» አሏት እናቴን።

«አዴ፣ ሰው እንዳያይዎት» አለች እናቴ።

«ይየኝ እንጂ። አብሽሪ፣ አላህ አለ።»

ሙቀጫውን አቅፈው ወጡ። ቤታቸው ፊት ለፊት ሆኖ ሳለ ዞረው በቀበሌው በር በኩል ሄዱ፤ ዘበኛውንም ቆመው ሰላም አሉት። በዚህ ጭንቅ ሰዓት ምን የሚወቀጥ አገኙ ብዬ ተናደድኩ።

እሁድ የሰኮሩ ሰዎች ቡናው የገበሬ ማኅበሩ እንጂ የአባቴ አለመሆኑን መሰከሩና አባቴ ተለቀቀ። ቤት ገብቶ ጥግ የተከመረውን ዕቃ ሲያይ ሁሉም ገባው። ዕቃውን እየነካ ቆጠረ። ሲጨርስ፣

«ሙቀጫውስ?» አለ።

«ትናንት አዴ ተዋሱት» አልኩት።

በእስሩ ያላለቀሰው አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«የሳቸው ሙቀጫ እኮ ከኛ ይበልጣል» አለ። «ከአሰንዳቦ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ።»