ሰባቱን ክሊዮፓትራዎች ያስተማሩን መምህርት ምሕረት

መምህርት ምሕረትን የምታውቁ ሁሉ፣ ካልሰማችሁ ከእኔ ስሙ፤ ምሕረት የሉም። ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ እዚሁ ዳላስ ሆስፒታል ውስጥ፣ እጃቸው በእጄ እንዳለ አረፉ። የሳምንታት ሕመማቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የማታውቁት፣ እስከ መጨረሻዋ እስትንፋሳቸው ዓይናቸው በሩ ላይ እንደነበረ ነው። ልጃቸው ናኦሚ በዚያ በር ስትገባ ለማየት ነበር የሚጠብቁት። ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ፈውስ እንኳ አልጠየቁም።

እኔ ጥሩነሽ እባላለሁ፤ ቸርች ውስጥ እማማ ጥሩዬ የምትሉኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ሌሎች ቃሉን ሲያነቡ በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ታገሡኝ። ምሕረትን በሕይወት ሳሉ «አንቺ» እላቸው ነበር፣ በልጄ እድሜ ናቸውና። ዛሬ ግን በሰው ፊት ቆሜ ነው የማወራው፤ አክብሮቱ ይገባቸዋል።

የተዋወቅነው በእኔ መንከራተት ምክንያት ነው። ልጆቼ ሦስት ናቸው፤ ትልቁ ሜስኪት፣ ሴቷ ሌዊስቪል፣ ትንሹ ፎርት ዎርዝ። ሦስቱም ይወዱኛል፤ ሦስቱም ሥራ ላይ ናቸው። የማን ልጅ ታመመ፣ የማን ሺፍት ተቀየረ እየተባለ ወደዚህም ወደዚያም እወሰዳለሁ፤ ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ አላውቅም። አንድ እሑድ ከቸርች ስንወጣ፣ ማን ሌዊስቪል ያድርሳት እየተባለ እንደ እቃ ሲመካከሩብኝ ምሕረት ሰሙ። «ነገ ጠዋት እዚያ አስተምራለሁ፤ እማማን ለእኔ ተዉልኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናቸው መኪናዬ ሆነ።

መምህርት ሲባሉ አንድ ኮሌጅ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ለካ እሳቸውም እንደ እኔ ናቸው። አንዱን ቀን ሌዊስቪል፣ አንዱን ፎርት ዎርዝ፣ አንዱን ሜስኪት። ቢሮ እንኳ አልነበራቸውም፤ መጻሕፍታቸው የኋላ ወንበር ላይ ተቆልለው አብረውን ይዞሩ ነበር። «እማማ፣ እርስዎ ሦስት ቤት፣ እኔ ሦስት ኮሌጅ» ይሉኛል እየሳቁ፤ «ዙፋን የሌለን ንግሥቶች ነን።»

ንግሥት ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። የሚያስተምሩት የጥንት ታሪክ ነው። ከታሪኩ ሁሉ ልባቸው የቀረው ግን ግብፅን ሲገዙ በነበሩት፣ ግሪክኛ ይናገሩ በነበሩት የቶለሚ ነገሥታት ቤት ነው፤ በዚያ ቤት ካሉትም ሴቶቹ ላይ።

«ክሊዮፓትራን ያውቋታል እማማ?» አሉኝ አንድ ቀን፣ መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ቆመን ሳለ።

«ስሟን ሰምቻለሁ። በእባብ የሞተችው አይደለችም?»

«እሷ ሰባተኛዋ ናት። ከእሷ በፊት ስድስት ክሊዮፓትራ አለ።»

«ምነው፣ ስም አለቀባቸው?»

መሪውን እየመቱ ሳቁ። «ስም አላለቀባቸውም፤ ዙፋኑ ከቤት እንዳይወጣ ነው። ወንዱ ሁሉ ቶለሚ፣ ሴቷ ወይ አርሲኖኤ፣ ወይ በረኒቄ፣ ወይ ክሊዮፓትራ። ወንድም እህቱን ያገባል።»

«በስመ አብ!» አልኩ፣ ጴንጤ መሆኔን ረስቼ። ይህንን እስኪሞቱ ድረስ ቀልደውብኛል።

አንዳንድ ቀን ልጆቼ ከሥራ እስኪወጡ ክፍል ይዘውኝ ይገቡ ነበር። ኋላ እቀመጣለሁ። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ እጃቸው ሲወዛወዝ፣ ዓይናቸው ሲበራ አያለሁ፤ በኋላ መኪና ውስጥ በአማርኛ ይደግሙልኛል። አንዲት እዚህ የተወለደች የሀበሻ ልጅ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ዞራ፣ «ሶ፣ ወንድሟን አገባች? ኢው! እማማ፣ ሰማሽ?» አለችኝ። «እንኳን እኔ ወንድም አልኖረኝ» ብላት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ አድሮ የሚመጣ ልጅ ደግሞ ነበር፤ ትምህርቱ ሳይጀመር ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ምሕረት አይቀሰቅሱትም። ስልኩን ከአጠገቡ አንሥተው ድምፃቸውን ይቀዱለትና መልሰው ያስቀምጡለታል። «ተኝቶም ቢሆን መጥቷል፤ የመጣን ሰው አታባርር» ነበር የሚሉት።

የመጣን ሰው አታባርር ያሉት ሴት፣ ከገዛ ልጃቸው ጋር እንደማይነጋገሩ ያወቅኩት በንግሥቶቹ ነው።

አንድ ከሰዓት ወደ ፎርት ዎርዝ እየሄድን እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። በዚያ ቤት እናትና ልጅ በአንድ ዘመን ንግሥት ሆኑ። ሁለቱም ክሊዮፓትራ፤ የሁለቱም ባል አንድ ንጉሥ።

«ታዲያ በምን ይለዩዋቸው ነበር?» አልኩ።

«እናቲቱን ‹ክሊዮፓትራ እህት›፣ ልጂቱን ‹ክሊዮፓትራ ሚስት› ይሏቸው ነበር። እህት ማለት እዚያ ቤት የደም ብቻ አይደለም እማማ፤ ማዕረግም ነው። ቀደም ሲል አንዲት ንግሥት የንጉሡ የአጎት ልጅ ሆና ሳለ ‹እህት› ተብላለች። እህት የተባለች ከንጉሡ ጎን ትቆማለች።»

«እኛም ቸርች እህት እገሊት እንባባል የለ?»

«የእኛ ወንበር ከማሰለፍ አያልፍም» ብለው ሳቁ።

«እናትና ልጅስ? ተስማሙ?»

«ጦር ተማዘዙ።»

ሳቃቸው ጠፋ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው የናኦሚን ስም የጠሩት። አንድ ልጅ ናት። ምሕረት ያልወደዱትን ሰው መረጠች፤ «አልባርክም» አሏት፤ ሠርጓ ላይም አልተገኙም። ከዚያ ወዲህ እናት ለልጅ፣ ልጅም ለእናት አልደወሉም።

«ደውዪላት» አልኩ።

«እናት እኔ ነኝ እማማ። ልጅ ናት የምትደውለው።»

«ምሕረት፣ ይሄ የነዚያ የንግሥቶችሽ ነገር አልሆነም?»

«የእነሱ ቤታቸውና መንግሥታቸው አንድ ነበር፤ እናት ስትቆጣ ሠራዊት ይዘምታል። እኔ ምን ሠራዊት አለኝ? ያለኝ ዝምታ ነው።» ይህን ብለው መስኮቱን ከፈቱ። ሲያለቅሱ እንዳይታዩ ነፋስ ያስገቡ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ በሽታ መጣ። ጠጉራቸው ሲረግፍ አጠገባቸው ነበርኩ፤ በእጄ ሰብስቤላቸዋለሁ። «በረኒቄ የምትባል ንግሥት ነበረች እማማ» አሉ። «ባሏ ከጦርነት በደህና እንዲመለስ ጠጉሯን ቆርጣ ለአማልክት ሰጠች። ጠጉሩ ከቤተ መቅደሱ ቢጠፋ፣ ሰማይ ወጥቶ ኮከብ ሆነ አሏት። እኔም ልጄን ይመልስልኝ ብዬ ሰጠሁት ልበል?» እንባዬን እንዴት እንደምይዘው ጨነቀኝ። ስልካቸውን አነሡ፤ የናኦሚን ስም አወጡ፤ አይተውት አይተውት መልሰው አስቀመጡት። አልደወሉም። ለካ እኔ በጉልበት ጣታቸውን ይዤ ማስደወል ነበረብኝ። ማን ደፈረ?

ማክሰኞ በአምቡላንስ ተወሰዱ። ትልቁ ልጄ ሆስፒታሉ ደጅ አውርዶኝ ፓርክ ሊያደርግ ሄደ። ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ተዘግቷል። አንዲት ነርስ ስታልፍ አየሁ። እኛ አገር ነርስ «ሲስተር» ነው የምትባለው፤ ሌላ ምን ብዬ ልጥራት? ወደ በሩ እየጠቆምኩ «ሲስተር! ሲስተር!» አልኩ። ቆመች። «ሲስተር?» አለችኝ። «የስ፣ ሲስተር!» አልኩ። ፊቷ አዘነ፤ አቅፋኝ በሩን ከፈተችልኝ። የዚህ አገር ነርሶች እንዴት ደጎች ናቸው ብዬ አመሰገንኩ።

ረቡዕ ሐኪሙ መጣ። ስልክ ዘርግተው በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው አገናኙኝ፤ ፊቱን አላየሁትም፤ ድምፁ የጎልማሳ ነው።

«እናት፣ ሐኪሙ የሚሉት፣ እህትዎ ያለ መተንፈሻው ማሽን መተንፈስ አልቻሉም። ሌላ የቅርብ ዘመድ ስላላገኙ፣ ማሽኑ ዛሬ ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚለው የእርስዎ ውሳኔ ነው።»

«የማን እህት?»

«የመምህርት ምሕረት። እህታቸው አይደሉም?»

«ኧረ እኔ ሲስተር ያልኩት ነርሷን ነው!»

ሐኪሙ ቆሞ ያየኛል። ምሕረት አፋቸው በቱቦ ተይዟል፤ ዓይናቸው ግን ተከፍቶ በሩ ላይ ነው።

«እናት» አለ አስተርጓሚው ቀስ ብሎ። «የሚሉትን ሁሉ የመተርጎም ግዴታ አለብኝ። አሁን ያሉት በደንብ አልተሰማኝም። እስቲ ይድገሙልኝ።»

ሳይሰማ ቀርቶ አልነበረም። እግዚአብሔር ይስጠው። እኔ ከክፍሉ ከወጣሁ እናቷን ለናኦሚ የሚያቆይ ማንም እንደሌለ ገባኝ። ምሕረት ያኔ መንገድ ላይ፣ እህት ማለት ማዕረግም ነው ያሉኝም ትዝ አለኝ።

«እህቷ ነኝ» አልኩ። «ልጇ እስክትመጣ አትንኩብኝ በልልኝ።»

ተረጎመው። ሐኪሙ ተንፈስ ብሎ፣ እስከ ነገ ከሰዓት እንጠብቃለን አለ።

የልጅ ልጄ የናኦሚን ስልክ ፈልጋ አገኘች። አታነሣም። የድምፅ መልእክት ተዪላት አለችኝ፤ ለሰው ሳይሆን ለስልክ ማውራት ለምጄ አላውቅም። «ናኦሚዬ፣ አታውቂኝም። እናትሽ ጋ ነኝ። ቁጣሽን ይዘሽውም ቢሆን ነይ። እስከ ነገ ነው የሰጡን» አልኩ። ከዚያ ለምሕረት «መልእክት ደርሷታል፤ ትመጣለች» አልኳቸው። ጣታቸው በእጄ ውስጥ ነቃ አለ። ሐሙስ ጠዋትም ደጋግሜ «ትመጣለች» አልኩ። የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ዓይናቸው ይሮጣል፤ የሚገባው ነርስ ነው፣ ጠራጊ ነው፣ የሌላ ሰው ዘመድ ነው። ረፋዱ ላይ፣ ማሽኑን ማንም ሳይነካው፣ ልባቸው ቆመ። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ ከበሩ ላይ አንሥቼ ነው የከደንኩት።

ብዙም አልቆየ፤ ያቺው ነርስ አንዲት ወጣት ሴት ይዛ ገባች። የምሕረት ግንባር ነው፤ ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም። ነርሷ ወደ እኔ እያመለከተች «አንት» ስትላት ሰማሁ፤ አክስትሽ አልተለየቻትም ማለቷ ነው። አሁን አክስት የለኝም ትላለች፣ አስወጡልኝ ትላለች ብዬ ቆምኩ። ልጅቷ አየችኝ፤ ከዚያ ለነርሷ ራሷን ነቀነቀች። አክስቴ ናት ማለቷ ነው።

«ታች ነበርኩ» አለችኝ። «ፓርኪንግ ውስጥ። ሲነጋ መጣሁ።»

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም ልጄ?»

«ፕራክቲስ እያደረግኩ ነበር። በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ላይክ፣ ንቀት ነው ትላለች። ‹ይቅርታ አድርጊልኝ› ነው ወይስ ‹ይቅር በዪኝ›? አላወቅኩም። ኮል አድርጌ የምጠይቀው ሰው እሷ ብቻ ናት።»

ሁለቱም ልክ ነው አልኳት። አልጋው ላይ ተደፍታ ሁለቱንም አለች፤ እየደጋገመች፣ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን።

ቀብሩ ላይ ፓስተሩ ተጽናኑ ብለውናል፤ ቃሉም ያጽናናል። እኔ ግን አልተጽናናሁም፤ አልዋሻችሁም። ሰው ሲሞት መጨረሻ የሚጠፋው ጆሮው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ልብ ከቆመስ በኋላ ስንት ይቆያል? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ስጸልይም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እስካሁን መልስ የለም። ደግሞ ከእናንተ መካከል ያልደወለ ካለ፣ ማነው መጀመሪያ መደወል ያለበት እያለ የሚጠብቅ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቁምና ይደውል። ቃሉ ቢጣመምም ግድ የለም።

ምሕረትዬ፣ እንግዲህ ሂጂ፤ ማቆሚያ ከሌለው መንገድ ዕረፊ። ትመጣለች እያልኩ ያስጠበቅኩሽ እኔ ነኝ፤ በር በሩን እያየሽ፣ ዋሸችኝ እያልሽ ሄደሽ ይሆናል። ያኔ አላወቅኩም፤ አሁን የማውቀውን፣ ጆሮሽ ካለበት ይድረስሽ። ልጅሽ አልቀረችም። ከጠዋት ጀምሮ ከእግርሽ በታች ነበረች፤ መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ፣ በአንቺው ቋንቋ ቃል እየመረጠች።