ከበሮ ያልገባበት የዓለምሰገድ ዜማ

ዓለምሰገድ ፀጋውን የማያውቅ የካርቲየ 2 ሰፈር ሰው ካለ፣ ቤቱ ክሊም የለውም ማለት ነው! እዚህ ጅቡቲ ኤር ኮንዲሽነሩን ሁላችንም «ክሊም» ነው የምንለው፤ ዓለምሰገድ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠግነው ኖሯል። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፍ አድርጎ ያዳምጥና «ኮምፕሬሰሩ ነው» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

ከመጠገኑ በፊት ግን ድምፁን በስልኩ ቀድቶ ወደ ቤት እንደሚወስድ ማን ያውቃል? እኔም የሰማሁት ዘንድሮ ነው፤ ስሰማ ደስታዬ!

በሰባት ሰዓት ጫት ከተማ ይገባል። መኪኖቹ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ከየወዳጁ ጋር ተሰብስቦ ይቅማል። ዓለምሰገድ አይቅምም። እናቱ አርፈዋል፤ እህቱ ፅዮናዊት ወደ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ከሄደች ስምንት ዓመት አልፏታል። ስለዚህ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት በዚህ ከተማ የእሱን ያህል ብቸኛ ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው አሮጌ ላፕቶፑን ከፍቶ የክሊሞቹን እንጉርጉሮ የሚያረዝመው፣ የሚያቀጥነው፣ አንዱን ባንዱ ላይ የሚደርበው።

ከበሮ ግን አይገባበትም። ነገሩ ከአባቱ ነው። አቶ ፀጋው የባቡር መካኒክ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ማኅሌት ይቆሙ ነበር። ሲሞቱ ትተውለት የሄዱት አንድ ካሴት ነው፤ እሱም የተቀዳው በዐቢይ ጾም። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ስለማይነካ፣ ካሴቱ ላይ ያለው ድምፃቸውና መቋሚያቸው ብቻ ነው። ልጅየው በዚያ አደገ። ሥራው ላይ ከበሮ ሊጨምር ሦስት ጊዜ ሞክሮ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጾም የገደፈ እየመሰለው አጥፍቶታል።

ባለፈው ወር፣ ሠርግ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውተው ዘይድ ሆዳን ሰፈር ያለውን የአዳራሹን ክሊም ሊያስጠግን ጠራው። ዓለምሰገድ እየሠራ ዜማውን በስልኩ ከፍቶት ነበር።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?» አለ ዘይድ። «ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ና አጫውት። ግን ከበሮ ጨምርበት፤ አለዚያ ሰው ይተኛብኛል።»

አሥራ አንድ ዓመት የደከመበትን ሥራ አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ሰምቶለት አያውቅም። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው! ሳምንቱን ሙሉ ከበሮውን ሲከት ሲያወጣ ሰነበተ። ዓርብ ሲደርስ ከበሮውን ትቶ ዜማውን ብቻ ይዞ ሄደ።

ዜማው ሲጀምር ሰዉ አምስት ደቂቃ ያህል ቆሞ ከበሮውን ጠበቀ። በመጨረሻ ወደብ ላይ የሚሠራው ባሺር ጮኸ።

«ዓለሜ! ከበሮው የት ገባ? ወደብ ላይ ተያዘ እንዴ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የወደቡ ሰው? ሂድ አራግፍልን!» አለ ሌላው።

እየሳቁ ወደ በረንዳው ወጡ። ዘይድም የዓለምሰገድን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ተከተላቸው። ዓለምሰገድ ማቆሙም አሳፈረው፤ ለባዶ ወንበር ማጫወቱን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ይሄ የማዳም ቤት ክሊም አይደል?»

ዞር አለ። መነን ናት፤ እዚያው ሆዳን ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር፣ ዓርብ ከሰዓት ብቻ የምትወጣ ልጅ።

«በምን አወቅሽው?»

«ሲነሳ ያስለዋል። የምተኛው ከጀርባው ነው። ሦስት ዓመት የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር። ሚያዝያ ላይ እርስዎ መጥተው ጠገኑትና ሳሉን አጠፉብኝ እኮ!»

«ከበሮ ቢኖረው ይሻል ነበር?» አላት።

«ከበሮ ከገባማ ሳሉ መቼ ይሰማል?»

«ከመጀመሪያው ላስጀምርልሽ?»

ስልኳን አየች። «ሃያ ደቂቃ አለኝ።»

ዜማው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ወንበር ስቦ አቀረበላት፤ እሱ እንደ አባቱ ቆሞ አዳመጠ።