ሃላሌ ላይ የሠለጠንነው ስልጠና

የመምህራን የእግር ኳስ ቡድናችን ሁልጊዜ መሸነፉ ቢያንገበግበን፣ አዋጥተን ለቅዳሜና እሑድ ስልጠና ለአንድ አሠልጣኝ ከፈልን። ቦታው ከሶዶ ርቆ ሃላሌ ነበር። ያኔ ሃላሌ ስልክ ስላልገባ ማንም አላስጠነቀቀንም። ማሊያችንን ለብሰን ስንደርስ ሜዳው በለቀስተኛ ተሞልቷል።

«ስልጠናችንስ?» ብዬ አሠልጣኙ ላይ ጮህኩበት።

ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ፣ «የሞቱት አጎቴ ናቸው፤ ምን ላድርግ?» አለኝና በአገሩ የለቅሶ ወግ እየጮሁ ሜዳውን በሩጫ ከሚዞሩት ወንዶች ጋር ተቀላቀለ።

እዚህ አገር ለቅሶን ቆሞ ማየት ነውር ነው። እኛም ለማናውቃቸው ሽማግሌ በቁምጣ ሮጥን፣ ጮህን። እሑድም ያው።

ሰኞ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ፣ «ቲቸር፣ ስልጠናው እንዴት ነበር?» አሉኝ። ልመልስላቸው አፌን ብከፍት ድምፄ የለም።