የአመተ ማርያም ደም ከማን ይገጥማል?

አሁን አሁን ሬዲዮ ስከፍት፣ በሩቅ አገር ከአንዱ ሰው ጉበት ተቆርጦ ለሌላው እንደሚሰጥ፣ ከዚያ በፊትም ሰጪና ተቀባይ ይስማሙ እንደሆነ ሐኪሞች አጥብቀው እንደሚመረምሩ እሰማለሁ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የደብረ ብርሃኑ ጎረቤታችን ባና ሠሪው ወልደአረጋይ ነው። በእርሱ ጊዜ የጉበቱ ነገር በእኛ አገር አልተሰማም፤ የነበረው ደም መስጠት ብቻ ነው። ለወልደአረጋይ ግን ደሙም በዝቶበት ነበር።

ወልደአረጋይ እጁ የተባረከ ሰው ነበር። የመዘዞ በግ ጠጉር ካገኘ፣ የሚሠራው ባና፣ ያ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የጣርማ በርን ብርድ ይመልሳል ይባልለታል። ጠባዩም መልካም ነው፤ ድኻ አይገፋም፣ ሰንበት አይሽርም። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ ቅናት። ሚስቱ አመተ ማርያም ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ መወርወሪያውን አስቀምጦ በአጥሩ ቀዳዳ ያያታል። ስትስቅ፣ “ማን ምን ብሎሽ ነው?” ይላል። ዝም ስትል፣ “ማንን እያሰብሽ ነው?” ይላል። የሰፈሩ ሴቶችም፣ “ያንቺ ባል እኮ በጥላሽም ይቀናል፤ አብሮሽ ውሎ አብሮሽ ስለሚገባ” እያሉ ያሾፉባት ነበር።

የቅናቱ ሥር ዘርአ ዳዊት የሚባል የአንኮበር ሰው ነው። አመተ ማርያም መጀመሪያ የታጨችው ለእርሱ ነበር። በአገራችን ልማድ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ዘር ይቆጠራል፤ ከሰባት ቤት በታች ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። የእነርሱን ዘር የቆጠሩት አባ ገብረመንፈስቅዱስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እኒህ ሽማግሌ የወልደአረጋይ አጎት ናቸው። “የሷ ቅድመ አያት ወይዘሮ ባፈና ከሱ ቅድመ አያት ጋር እኅትማማች ናቸው” አሉ፤ እጮኝነቱም ፈረሰ። ዓመት ሳይሞላ ወልደአረጋይ አገባት።

ከቆጠራው በፊት ወደ አጎቱ ሙክት ይዞ ሄዶ፣ “አደራ፣ ደኅና አድርገው ይቁጠሩልኝ” ማለቱን ኋላ ራሱ አጫውቶናል። ሽማግሌው የቆጠሩት እውነት ይሁን ፈጠራ ግን አላወቀም። ለመጠየቅ እየፈራ ሲያመነታ አጎቱ ዐረፉ። ከዚያ ወዲያ ሚስቱን ባየ ቁጥር፣ “ምናልባት የሰው እጮኛ ይዤ ይሆናል” የሚለው ሐሳብ እንደ እሾኽ ይወጋው ጀመር።

ዘርአ ዳዊት በበኩሉ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ። ከተማችንን ባቋረጠ ቁጥር ጥሩምባውን ይነፋል። ሰው፣ “በጎቹን ከመንገድ ሊያባርር ነው” ይላል። በወልደአረጋይ እጅ ግን ክሩ ይበጠሳል። “በግ የለም እኮ! ዛሬ መንገዱ ላይ አንድም በግ የለም!” እያለ ደጅ ወጥቶ ይጮኻል።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ብርድ፣ አመተ ማርያም ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ በደኅና መጣች፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ወደ አንኮበሯ እኅቷ ወደ አስካለማርያምም ሰው ተላከ።

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ገብረ ሕይወት ወደ ደጅ ወጥቶ፣ “ደም ካልተሰጣት አትተርፍም” አለ።

ወልደአረጋይ እጅጌውን ሰብስቦ ተነሣ። “ያለኝን ሁሉ ቅዳ!”

“ቆይ፣ መጀመሪያ መግጠሙ ይታያል።”

“የባሏ ደም ካልገጠመ የማን ሊገጥም ነው?”

ድሬሰሩ ከጣቱ አንድ ጠብታ ወስዶ፣ ከእርሷ ደም ላይ ከጠለለው ውኃ ጋር በመስታወት ላይ አገናኘው። ወልደአረጋይ አጎንብሶ ያያል። ጠብታው ጥቂት ቆየና እንደ አይብ ተቋጠረ።

“ምን ሆነ?”

“አልገጠመም። ይህ ቢገባላት ይገድላታል።”

“የኔ ደም? አመተ ማርያምን?” አለና ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

በዚህ መሐል የጭነት መኪና መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። አስካለማርያም ወረደች፤ ከእርሷም ኋላ ያመጣት ሾፌር ወረደ። ዘርአ ዳዊት ነበር። የአስካለማርያም ደም ታየ፤ እርሱም ተቋጠረ። ዘርአ ዳዊት ክንዱን ገልጦ፣ “እስቲ የኔን እየው” አለ።

ወልደአረጋይ ዘልሎ ክንዱን ያዘው። “የሱ አይታይም! ባዕድ ነው!”

ዘርአ ዳዊት በእርጋታ አየው። “ባዕድ? አጎትህ ዘመዷ ነህ ብለው አይደል እንዴ የነጠቁኝ? አንተ ሰው፣ ባዕድ ከሆንኩ እጮኛዬን መልስልኝ፤ ዘመድ ከሆንኩ ክንዴን ልቀቅ።”

ወልደአረጋይ በበሩ ክፍተት ወደ ውስጥ ተመለከተ። የአመተ ማርያም ከንፈር ዐመድ መስሏል። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተላቀቁ።

የዘርአ ዳዊት ጠብታ አልተቋጠረም። መስታወቱ ላይ እንደ ቅቤ ለስልሶ ተዘረጋ።

“ገጥሟል” አለ ድሬሰሩ።

ወልደአረጋይ መስታወቱን አተኩሮ አየው። ያን ጊዜ ፊቱ በራ። “ገጠመ? እንግዲያው ዘመዷ ነው! አጎቴ እውነታቸውን ነው! ግባ ወንድሜ፣ ግባ!”

“ወልደአረጋይ፣ ይህ የዝምድና ነገር አይደለም” አለ ድሬሰሩ እየገባ። “የእኅቷ ሲቋጠር አላየህም? የደም ዓይነት ነው፤ ከመንገደኛም ይገጥማል።”

ያ የበራ ፊት ተመልሶ ጠቆረ።

አመተ ማርያም ተረፈች። ወደ ቤቷም ገብታ ቀስ በቀስ ጉንጯ ቀላ። ሁላችን ደስ ሲለን ባሏ፣ “ይህ ቅላት የራሷ አይደለም” እያለ ይብሰለሰል ጀመር። ድሮ በርበሬ የምትጠላው ሴት ወጡ ላይ በርበሬ ስታበዛ ጊዜ፣ “ሾፌሩ በርበሬ ይወዳል መሰለኝ” ይላል። አንድ ቀን ጥሩምባው ተሰማ፤ እርሷም ሕፃኗን እያጠባች ቀና አለች።

“ደሙ ጠራሽ?” አላት።

አመተ ማርያም በዚህ ጊዜ ሳቋ መጣ። “አንተ ሰው፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትነደው? ስማኝማ። ዘርአ ዳዊት ዘመዴ አይደለም።”

ከወልደአረጋይ እጅ መወርወሪያው ወደቀ።

“ባፈና እኅት አልነበራትም። ለአባቷ ብቸኛ ልጅ ነበረች፤ የአንኮበሩን መሬታችንን ከማንም ሳትካፈል የወረሰችው ለዚህ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባ ገብረመንፈስቅዱስ ሲቆጥሩ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ከጓዳው መስኮት፣ በአጥሩ ቀዳዳ ዓይንህ ይታየኝ ነበራ! ያን ዕለትም እንደዛሬው ተደብቀህ ታይ ነበር። ብናገር ለእርሱ ይሰጡኛል፤ ዝም ብል ላንተ። ዝም አልኩ።”

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ በቃው ነበር። ወልደአረጋይም እንባው መጣ፤ ጉልበቷንም ሳመ። ወዲያው ግን ቀና ብሎ፣ “ዘመድ ካልሆነ ታዲያ ደሙ ለምን ገጠመ?” አለ።

አመተ ማርያም ለምርመራ ወደ ሐኪም ቤት በተመለሰች ዕለት ወልደአረጋይ ባና ሊገዛ የመጣውን የዓሊዩ አምባውን ነጋዴ ዓወልን በእጁ ጎትቶ ከድሬሰሩ ፊት አቆመው። “ከመንገደኛም ይገጥማል ብለሃል። ይኸው መንገደኛ!”

“እኔ ምን አጠፋሁ?” አለ ዓወል። “ለሕመምተኛዋ ከሆነ ግን ቢስሚላህ፣ ቅዱኝ።”

ድሬሰሩ ከልመናው ለመገላገል ሲል ጠብታውን አየው። እንደ ቅቤ ለስልሶ ተዘረጋ። ወልደአረጋይ ዓወልን አገላብጦ ሳመው፤ የያዘውንም ባና በትከሻው ላይ ጣለለት።

“ወላሂ፣ ሚስቱን ያዳናት ሌላ፣ ባናውን የለበስኩት እኔ!” እያለ ዓወል ስቆ ወጣ።

ይህች ቃል በወልደአረጋይ ልብ ውስጥ ገባች። በማግስቱ የተሻለውን ባናውን፣ ለራሱ ያስቀመጠውን፣ ይዞ መንገዱ ላይ ቆመ። መኪናው ሲመጣ በእጁ አስቆመው።

“ይህ ለደሙ ነው” አለ፤ ባናውን በመስኮት እያስገባ። “እግዜር ይስጥልኝ። ጥሩምባውን ግን ተወን።”

ዘርአ ዳዊት ባናውን በእጁ ደባበሰው። “በጎቹስ?”

“በጎቹን እኔ አባርርልሃለሁ።”

ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ መኪና ከሩቅ ሲያጓራ በሰማ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ወደ መንገዱ ይሮጥ ነበር። በኃይል እየጮኸ የሰፈሩን በግ ሁሉ ያባርራል፤ ሾፌሩ እስኪያልፍም አንዲት ጠቦት እንኳ መንገዱን እንዳትረግጥ ዘብ ይቆማል።