በግምት የተጻፈ ወረቀት

ጋሽ ጢሞ ራሱ ጢም የለውም። ስሙን ያወጣንለት ዕድሜውን ሙሉ የዓሣ ጢም ሲቆጥር ስለኖረ ነው። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር በአልኮል የተዘፈዘፉ አምባዛዎች ጠባቂ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ አምባዛ ስምንት ጢም አለው፤ ሰባት ካገኘ ዓሣውን ሳይሆን ዓይኑን ይጠረጥርና እንደገና ይቆጥራል። እኔ አጠገቡ ጥንዚዛ በመርፌ የምሰካ ሰው ነኝ። አልኮሉ ሁለታችንንም ሳንጠጣ ያሰክረናል። ዓሣው የተያዘበት ቦታ በሱ እጅ የተጻፈበት ወረቀት ያለውን ጠርሙስ መምህራኑ ሳይጠይቁ ይቀበሉታል።

ልጁም ዓሣ ተማረች። የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በአባቷ ሁለት ጠርሙሶች ነው። የአንደኛው አምባዛ ጀርባው ላይ የስብ ክንፍ የሚሉት ትንሽ ሥጋማ ክንፍ አለው፤ የሌላኛው የለውም። ወረቀታቸው ግን ሁለቱም ከአንድ ወንዝ ተያዙ ይላል።

"የተለያየ ውኃ ቢሆን ውኃው ለወጣቸው እል ነበር" ትላለች። "በአንድ ወንዝ እየኖሩ እንዲህ ከተለያዩ ግን ወገናቸው፣ ዝርያቸው ማለቴ ነው፣ ሌላ ነው።"

ሰኞ ጠዋት እየሮጠች ገባች። "አባዬ፣ ጽሑፌን ነገ አቀርባለሁ! ለአዲሱ ወገን ስም አወጣሁለት፤ ያንተን!"

እኔ ጭብጨባ ጀመርኩ። እሱ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እስቲ ቁጭ በይ" አላት። "ከዘጠኝ ዓመት በፊት አልኮል ስቀይር የአንደኛው ወረቀት ተላጠ፤ ቀለሙም ፈሶ አይነበብም ነበር። ቸኮልኩ። አጠገቡ ያለው ጠርሙስ የወንዝ ነው፣ ይሄም የወንዝ ይሆናል ብዬ ጻፍኩ።"

"ከሐይቅ የተያዘ ሊሆን ይችላል?"

"ይችላል።"

"ልክ ጽፈህ ከሆነስ?"

"እሱም ይሆናል። አላውቅም ልጄ።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰውን የለቀመችው ልጁ ናት። በጣም ተናደድኩበት። ዝም ቢል ማን ያውቅ ነበር፣ ዓሣው አይናገር! እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ይህን ስጽፍም ያሳፍረኛል።

ልጅቱ አለቀሰች፤ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ የሁለት ዓመት ድካሟን ወደ ጎን ገፍታ ለጠርሙሱ አዲስ ወረቀትና እርሳስ አቀበለችው።

"አንተ ጻፈው አባዬ። ያንተን ጽሑፍ ነው የሚያምኑት።"

እሱም "የተያዘበት ቦታ አይታወቅም፤ የቀድሞው በግምት የተጻፈ ነው" ብሎ ጻፈ። ከሥሩም ሙሉ ስሙን አኖረ። ስሙ ዓሣው ላይ የወጣው እንዲህ ሆኖ ነው።